ከሸክላው ጀርባ ያሉ ሴቶች



ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ ያልተቋጨውን ጥያቄ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። የአረጋውያን አባሎቻችንን የወፍጮና የፈተል እንጉርጉሮ፣ እሹሩሩውንና የሠርግ ዘፈኑን ቀርጸን ለመሸጥ ተስማምተናል። ያልተስማማነው ሽፋኑ ላይ ነው። የማኅበሩ ስም ብቻ ይጻፍ ያሉ አሉ። ወጪውን የሸፈኑልን ለጋሾች ስም ይቅደም ያሉም አሉ። የእናቶቹ ስም አንድ በአንድ ይውጣ ያልነው ጥቂቶች ነን። ያን ዕለት ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ስለተበተንን ሐሳቤን መጨረስ አልቻልኩም። እዚህ በጽሑፍ ልጨርሰው። የምሄድበት መንገድ በሩሲያ በኩል ስለሆነ ትንሽ ይዞራል፤ ታገሡኝ።

ታላቅ ወንድሜ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አንዱ ነበር። ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከወፍራም ካፖርትና ከመጻሕፍት ሌላ አሥራ ሁለት ሸክላዎች ነበሩ። በዚያ አገር ሸክላ የሚያሳትመው ሜሎዲያ የሚባል በ1964 የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት ነበር (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋጋው ርካሽ ስለነበር ተማሪ እንኳ ከኪሱ አውጥቶ ይገዛል። ወንድሜ ከዳቦው ቀንሶ የገዛቸው የቻይኮቭስኪ፣ የቦሮዲን፣ የፕሮኮፊየቭና የሌሎችም ሥራዎች ነበሩ። እናታችን «ቃል የሌለው ዘፈን» ትለው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን መርፌው ሸክላው ላይ ባረፈ ቁጥር «ሰውየው መቼ ነው የሚዘፍነው?» እያለች ትጠብቃለች። ሰውየው ሳይዘፍን ሸክላው ያልቃል። በኋላ ግን ጥጧን ይዛ እየመጣች፣ እንዝርቷን እያሾረች እስከ መጨረሻው መስማት ለመደች።

ይህ ሙዚቃ ከሸክላ ጋር የተገናኘው በቀላሉ አይደለም። የድሮው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ለአንድ ዘፈን ይበቃል፤ አርባ ደቂቃ ለሚፈጅ ሲምፎኒ ግን አምስትና ከዚያ በላይ ሸክላ ይጠይቃል፤ አድማጩም በየአራት ደቂቃው እየተነሣ መገልበጥ አለበት። በ1948 አሜሪካ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሽከረከረውና በአንድ ገጽ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘው ትልቁ ሸክላ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ሲምፎኒ በአንድ ሸክላ መግባት ቻለ። በዚህ ዓይነት ሸክላ በዓለም ላይ ስማቸው ከገነነው ቅጂዎች አንዱ የሌኒንግራድ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በ1960 ለውጭ ጉዞ በወጣበት ጊዜ በየቭጌኒ ምራቪንስኪ መሪነት የቀረጻቸው የቻይኮቭስኪ 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ሲምፎኒዎች ናቸው።

ወንድሜ ካመጣቸው አንዱ ይኸው 4ኛው ሲምፎኒ ነበር። ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም አለ፣ የኦርኬስትራው ስም አለ፣ የመሪው ስም አለ። ሥራው የተጻፈበትን ገንዘብ ያወጣችው ሴት ስም የለም።

ሴትዮዋ ናዴዥዳ ፎን ሜክ ትባላለች። ባሏ የመንግሥት መሐንዲስ ነበር፤ ደመወዙ ትንሽ፣ ልጆቹ ብዙ። አሥራ ስምንት ወልዳ አሥራ አንዱ አደጉላት። ኑሮው ሲጠባት ባሏን ሥራህን ልቀቅና ወደ ባቡር ሐዲድ ግንባታ ግባ ብላ የገፋፋችው እሷ ናት፤ ያኔ ሩሲያ ሐዲድ የምትዘረጋበት ጊዜ ነበርና ቤተሰቡ በጣም ከበረ። ባሏ በ1876 ሲሞት ሀብቱን ማስተዳደር በእሷ እጅ ወደቀ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር፦ ይህችን ሴት ብዙ ጸሐፊዎች «ሀብታሟ መበለት» ብለው በሁለት ቃል ያልፏታል። ሀብቱ ከየት እንደመጣ ግን አያነሡም። ምክሩ የእሷ ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ለቻይኮቭስኪ መጻፍ ጀመረች። ትንሽ ቆይታም በዓመት 6000 ሩብል ትሰጠው ጀመር። ለ13 ዓመት ያህል ደብዳቤ ሲጻጻፉ ከሁለቱ ወገን የተረፈው ከ1200 በላይ ነው። አንድ ስምምነት ነበራቸው፦ ፊት ለፊት አለመገናኘት። በ1879 በእሷ ርስት አካባቢ ሠረገሎቻቸው በድንገት ተላለፉ፤ እሱ ባርኔጣውን አነሣላት፣ ቃል ሳይለዋወጡም አለፉ። ገንዘቡ ምን ሠራ ብትሉ፣ ቻይኮቭስኪ በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ የነበረውን የማስተማር ሥራ በ1878 ትቶ ጊዜውን ሁሉ ለድርሰት ሰጠ። በነዚያ ዓመታት ከጻፋቸው መካከል የቫዮሊን ኮንሰርቶው፣ ከነመድፉ የሚታወቀው የ1812 መክፈቻና 5ኛው ሲምፎኒ ይገኛሉ። የየቭጌኒ ኦኔጊን ኦፔራውንም የጀመረው በ1877 ነው፤ ታሪኩ የፑሽኪን፣ እኛ ኢትዮጵያውያን በቅድመ አያቱ በኩል የኛ ነው የምንለው የዚያ ባለቅኔ ነው።

4ኛውን ሲምፎኒ ለእሷ አበረከተላት። ነገር ግን በኖታው ላይ የታተመው «ለምርጥ ወዳጄ» የሚል ብቻ ነው። ስሟ እንዳይወጣ የፈለገችው ራሷ ናት። በደብዳቤዎቻቸው «የኛ ሲምፎኒ» ይሉት ነበር። በ1878 መጀመሪያ ሞስኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ እሷ አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ ደራሲው ጣሊያን ነበር። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሙዚቃው በማን ገንዘብ እንደተጻፈ አያውቅም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ደስ ብሏት ይሆን ወይስ ከፍቷት፣ ማን ያውቃል።

ከዚያ በ1890 ገንዘቡም ደብዳቤውም በአንድ ጊዜ ቆመ። ሀብቷ እንደተናጋ ጽፋለት ዝም አለች። ቻይኮቭስኪ በዚያን ጊዜ ድሃ አልነበረም፤ ሥራዎቹ ገቢ ያስገኙለት ነበር፣ ከ1888 ጀምሮ ደግሞ ከዛሩ በዓመት 3000 ሩብል ጡረታ ያገኝ ነበር። ያስከፋው የወዳጅነቱ መቅረት ነው፤ ከገንዘቡ ጋር አብሮ የሚቋረጥ ወዳጅነት ኖሯልን የሚለው ሐሳብ አቆሰለው። በኅዳር 1893 ሞተ። እሷም ሁለት ወር ያህል ቆይታ ተከተለችው።

ይህን ሳነብ እኛን አሰብኩ። ከዓመታት በፊት አንድ ደጋፊ ለማኅበራችን ይሰጥ የነበረውን በድንገት ሲያቋርጥ ስንቶቻችን ነን ከገንዘቡ ይልቅ «ምን አስቀይመናቸው ይሆን?» በሚለው የተብሰለሰልን? ሰጪ ስሙን መደበቅ ይችላል፣ መብቱም ነው። ግን ሰጪም ተቀባይም ሳይተያዩ የቆመ ነገር ሲፈርስ ለማንም አይነገርም። ደጋፊዎቻችን ይህን በመጥፎ እንዳትወስዱብኝ፤ እናንተ ቢያንስ መጥታችሁ ከኛ ጋር እንጀራ ቆርሳችኋል።

ቦሮዲንን በአጭሩ ልለፈው። እሱ ሙዚቃን በትርፍ ጊዜው የሚጽፍ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። «በመካከለኛው እስያ ሜዳዎች» የተባለው አጭር ሥራው ግመሎች ከሩቅ መጥተው፣ በፊታችን አልፈው፣ ወደ ሩቅ ሲጠፉ ያስመስላል። እናቴ «ነጋዴ ነው» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው፣ የሲራራ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው በ1872 በሴንት ፒተርስበርግ ለሴቶች የሕክምና ትምህርት እንዲከፈት ከታገሉት አንዱ ሲሆን ራሱም ያስተምራቸው ነበር። ትልቁ ኦፔራው፣ ልዑል ኢጎር፣ ሳያልቅ ሞተ፤ ወዳጆቹ ጨረሱት። ሙዚቃ ወዳጆች ለሴቶቹ በሰጠው ጊዜ ይቆጫሉ። እኔ አልቆጭም።

ከአሥራ ሁለቱ ሸክላዎች የኛ ቤት ልጆች ያረጁት ግን «ጴጥሮስና ተኩላው»ን ነው። ፕሮኮፊየቭ በ1936 የጻፈው ተረት ነው፤ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ መሣሪያ አለው። ወፏ ፍሉት ናት፣ የኛ የዋሽንት ዘመድ። ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቷ ክላሪኔት፣ አያትየው ባሱን የሚባለው ወፍራም ድምፅ ያለው የእንጨት መሣሪያ፣ ተኩላው ሦስት ቀንደ መለከቶች፣ ልጁ ጴጥሮስ ደግሞ ባለ አውታሮቹ ሁሉ ናቸው። ተራኪው በሩሲያኛ ስለሚናገር ወንድሜ እየተረጎመ ይነግረን ነበር፤ ተኩላውን ጅብ ስላደረገው ይበልጥ ፈራን። ይህን ሥራ ጻፍልን ብላ ፕሮኮፊየቭን ያዘዘችው የሞስኮ የሕፃናት ቴአትር ኃላፊ ናታሊያ ሳትስ ናት። ልጆች የኦርኬስትራ መሣሪያዎችን በተረት እንዲለዩ ያሰበችው እሷ ነበረች። በቀጣዩ ዓመት በስታሊን ዘመን ባሏ የአገር ጠላት ተብሎ ሲያዝ እሷም ታሰረች፤ ባሏ ተገደለ፣ እሷ ዓመታት በካምፕ አሳለፈች። ስትወጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰችና በ1965 ሞስኮ ላይ የሕፃናት የሙዚቃ ቴአትር ከፈተች። ዛሬ ቴአትሩ በስሟ ይጠራል። የኛ ሸክላ ላይ ግን ስሟ አልነበረም፤ እኔም ይህን ሁሉ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የሩሲያ ሙዚቃ ወደኛ የመጣው በሸክላ ብቻ አይደለም። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ከዘመቱበት ከዚያ ጦርነት በኋላ፣ የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ አርባ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎችንና ሚሌቭስኪ የሚባል ፖላንዳዊ አስተማሪ ላከ። እስከዚያ ድረስ በየቤተ መንግሥቱ የሚሰማው ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ ነበር። የኋላዎቹ የጦር ሠራዊት ባንዶች፣ ከእነሱም የወጣው ዘመናዊ የዘፈን አጃቢ ሁሉ፣ መነሻቸው ከዚያ ስጦታ ጀምሮ ይቆጠራል።

በዚያው ዘመን አካባቢ ሌላ ነገር ተፈጸመ፤ ይህን ግን ጥቂቶች ያስታውሱታል። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፅዋን በሰም ጥቅል ላይ ቀድታ ላከች፤ ከተሰማ በኋላ እንዲደመሰስ ስላዘዘች ተደመሰሰ። ምኒልክና ጣይቱም በ1899 በድምፃቸው መልስ ላኩ። የእነሱ ጥቅል አልተደመሰሰም፤ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ስለዚህ ተቀርጾ ከተረፈው የኢትዮጵያውያን ድምፅ ከቀደምቶቹ አንዱ የሴት ድምፅ ነው፤ ያውም በልጅነቷ በጎጃሙ ደብረ መዊ እንዳደገች የሚነገርላት የጣይቱ። ማንነቷን የምናውቀው ስሟ አብሮ ስለተመዘገበ ነው። ስሟ ባይጻፍበት ኖሮ «የአንዲት ሴት ድምፅ» ተብሎ ይቀመጥ ነበር።

የኦርኬስትራን ነገር ከኛ አገር ሰዎች ማን አደረሰው ካላችሁ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለ ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ አለው። በቾቄ ተዳፋት ከብት የጠበቀች ሁሉ ርእሱን ስትሰማ ልጅነቷ ይመጣባታል። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔ የምቆየው እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ላይ ነው።

እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለደች፤ የቤት ስሟ የውብዳር ነው፣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እኅት። በስድስት ዓመቷ ከእኅቷ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልካ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማረች። ጣሊያን ሲወረን ቤተሰቡ ተግዞ በአዚናራ ደሴት ታሰረ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማረች፤ በኋላም እሱ ወደ አገራችን መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል። የቤትሆቨንንና የሞዛርትን ሥራዎች ጠንቅቃ የምትጫወት ወጣት ነበረች። ወደ ለንደን ሄዳ ትምህርቷን ለመቀጠል የተከፈተላት ዕድል ግን ተዘጋባት። ምግብ አልበላም ብላ ታመመች። ከዚያ ዓለምን ትታ ወደ ግሸን ማርያም ወጣች፣ መነኮሰች፣ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግሯ በተራራው ላይ ኖረች።

ወደ ሙዚቃ የመለሳት ምን ይመስላችኋል? የቆሎ ተማሪ ነው። ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ስታጠና በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን፣ አኩፋዳ ይዘው ቁራሽ የሚለምኑትን ልጆች አየች። ዲማና ዋሸራ ባሉበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ስንቴ ሰጥተናል፣ ስንቴስ «ውሻ አለ» ብለን መልሰናል። እሷ የምትሰጠው ገንዘብ አልነበራትም። የነበራት ፒያኖ የሚያውቅ እጅ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ እርዳታ በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ራሷ የደረሰቻቸውን ሥራዎች በሸክላ አስቀረጸች፤ ገቢውም ወላጅ ለሌላቸውና ለችግረኛ ልጆች ሆነ። ሙዚቃውን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ የፈረንጁ ፒያኖ በኛ ቅኝት ሲያዜም፣ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር ተጋብቶ፣ ሳይቸኩል።

ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም ደብረ ገነት ገዳም ኖረች። በ2006 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ 21ኛ ቁጥር ሆኖ የእሷ ሙዚቃ ሲወጣ በዓለም ዙሪያ አድማጭ አገኘ። በስሟ የተቋቋመ ፋውንዴሽንም አለ። በመጋቢት 2023፣ በ99 ዓመቷ ዐረፈች።

እንግዲህ ፎን ሜክንና እማሆይን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። አንዷ ገንዘብ ሰጥታ ሙዚቃ እንዲጻፍ አደረገች፤ ሌላዋ ሙዚቃ ሰጥታ ገንዘብ እንዲገኝ አደረገች። የመጀመሪያዋ ስሟን በፈቃዷ ደበቀች። ሁለተኛዋ መነኩሲት ናት፤ ስም ይጥፋልኝ ብትል ከማንም ይልቅ ያምርባት ነበር። ነገር ግን ሸክላው በስሟ ወጣ። በስሟ ባይወጣ ኖሮ ከአርባ ዓመት በኋላ ያቺ ሴት የት ናት ብሎ የሚፈልጋት አይኖርም ነበር፤ ለሙዚቃ ትምህርት የሚሰበሰብ ገንዘብም በማን ስም ይሰበሰብ ነበር?

ባለፈው ስብሰባ «ስም ማውጣት ትዕቢት ነው፣ እናቶቻችንም አይፈልጉትም» የተባለው ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ። አይፈልጉ ይሆናል። ጠየቅናቸው ወይ? አልጠየቅንም። ፎን ሜክን ደራሲው ጠይቋት ነው አይሁን ያለችው። የለጋሾች ስም ይቅደም ለሚሉትም፣ ለጋሾቻችን ይህን እያነበቡ ነውና ራሳቸው ይመልሱ፤ እኔ ግን የድምፅ መቅጃውን የገዛ ሰው ከኋላ ገጽ ቢመሰገን የሚከፋው አይመስለኝም።

የወፍጮው ነገር ደግሞ ያስቸኩላል። የሞተር ወፍጮ ከገባ ወዲህ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ ሌሊት የምታንጎራጉር ሴት በከተማችን የለችም፤ በገጠሩም እየቀረች ነው። ያንን እንጉርጉሮ ከነግጥሙ የሚያውቁት አባሎቻችን አምስት ናቸው፤ ከአምስቱ አንዷ ከፋሲካ ወዲህ ድምፃቸው ደክሟል። የእናቴን ልቀርጸው ስል አልፏል፤ ሸክላዎቹ አሁንም ቤቴ አሉ፣ መርፌው ግን ተሰብሯል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለአምስቱም እናቶች አንድ በአንድ በየቤታቸው ሄደን «ስምዎ ይጻፍ ወይስ ይቅር?» ብለን እንጠይቅ፣ መልሱን በመዝገብ እንያዝ። ይጻፍ ያሉት ከነአባታቸው ስም፣ ከነትውልድ ቀበሌያቸው ይጻፍ፤ ይቅር ያሉት ይቅር። ከሽያጩም ድርሻቸው አስቀድሞ ይወሰን። የመጀመሪያው ቀረጻ በመጪው ቅዳሜ ዕቁብ ከተጣለ በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ነው። የድንጋይ ወፍጮው ድምፅም አብሮ መሰማት ስላለበት ከነመጁ ያላት እኅት ትንገረን፤ ተሸክመን የምናመጣው እኛ ነን።